ሲሊከን ያልሆነው ድንጋይ

ሰኞ፣ ማርች 2

ዝናብ። አውቶቡሱ ዘግይቶ መጣ፣ እኔም ዘግይቼ ገባሁ። ኦዴድ አላየኝም፤ ስልክ ላይ እየጮኸ ነበር። የፋብሪካው ባለቤት እሱ ስለሆነ ሲጮህ የሚያስቆመው የለም። ሚፍዓል፣ ፋብሪካ ማለት ነው፣ እንበለው እንጂ የኛ ከትልልቆቹ ፋብሪካዎች ኋላ የተሸጎጠ አንድ አዳራሽ ነው።

ቀኑን ሙሉ ያው ሥራ። ጣሪያ ላይ ለሚሰቀል የቴሌቪዥን አንቴና ማጉያ። ሲሊከን ትራንዚስተር፣ ሽቦ፣ ክዳን… ቀጥሎ። ዓይኔን ጨፍኜም እበይደዋለሁ። አጠገቤ እትዬ ታይቱ ክዳን ይገጥማሉ። አምና ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል በአውሮፕላን ከመጡት ናቸው። ዕብራይስጡ ገና ስላልገባቸው ኦዴድ የሚለውን ለሳቸው፣ እሳቸው የሚሉትን ለኦዴድ የማደርሰው እኔ ነኝ። ዛሬ «ይሄ ሰውዬ ቁርስ አይበላም እንዴ? ምን ያስጮኸዋል?» አሉ። አልተረጎምኩም።

ማታ ከአባቴ ጋር እራት። ስለ ዝናቡ አወራን። ከዚያ ጸጥ። ሌላ ምን እናውራ? እናቴ ከሞተች በኋላ ከአጎቴ ቤተሰብ ጋር በሱዳን በኩል ስወጣ ገና ልጅ ነበርኩ። አባቴ የመጡት አምና ነው። የሸኟትን ልጅ አይደለም ያገኙት፤ እኔም የማስታውሳቸውን አባት አላገኘሁም። አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ጨዋ እንግዶች ሆነናል። «ይብሉ እንጂ» እላለሁ። «ብዪ አንቺ» ይላሉ። በቃ።

ይሄን በአማርኛ የምጽፈው ቋንቋው እንዳይጠፋኝ ነው። አንዳንዱ ቃል አሁንም ይጠፋኛል።

ሐሙስ፣ ማርች 12

መንገዳችን ተቆፍሯል። የኬብል ቴሌቪዥን ሊገባ ነው። ከእንግዲህ አንቴና የሚባል ነገር አያስፈልግም ይላሉ ጎረቤቶች፣ ደስ ብሏቸው። እኔ ግን ቆሜ ቦዩን አየሁት… አንቴና ካልተፈለገ የአንቴና ማጉያ ማን ይገዛል?

ኦዴድም የሚያስበው ይሄንኑ ነው። በዕረፍት ሰዓት ሻይ ይዘን ተቀምጠን ሳለ መጣና ግድግዳውን ተደግፎ «ይሄ ሥራ እስከ ጁላይ አይዘልቅም» አለን። ከዚያ ወጣ።

«ምን አለ?» አሉኝ እትዬ ታይቱ። ነገርኳቸው። የያዙትን ሻይ አስቀመጡ። «እኔን ደግሞ ማን ይወስደኛል?» አሉ። ልጆቻቸው ገና ትንንሾች ናቸው።

እኔስ? በመስከረም የማታ የቴክኒሻን ኮርስ ልገባ ነበር። የሚልከኝ ኦዴድ ነው። እሱ ከዘጋ…

ለአባቴ አልነገርኳቸውም።

ማክሰኞ፣ ማርች 17

ዛሬ የሆነውን ሳልጽፍ አልተኛም።

ኦዴድ ትንሽ ሳጥን ይዞ ገባ። ከጃፓን የመጣ ነው። አናት የምትባለው መሐንዲሳችን እጇን ታጥባ ከፈተችው። አዎ፣ እጇን ታጥባ! ጥቁር ስፖንጅ ላይ የተተከሉ ነጫጭ ነገሮች። ከምስር አይበልጡም። በአራቱም ጎን የተዘረጋ የወርቅ እግር አላቸው።

«ትራንዚስተር ናቸው» አለች።

«ትራንዚስተርማ ሞልቶናል» አልኳት።

«እነዚህ ሲሊከን አይደሉም፣ ጥሩዬ።»

ሲሊከን ያልሆነ ትራንዚስተር አለ እንዴ? ሁሉም ነገር ሲሊከን ይመስለኝ ነበር። ሬዲዮው፣ የእጅ ሰዓቱ፣ የኦዴድ ኮምፒውተር… ሲሊከን ከአሸዋ የሚወጣ ነው፤ ሞልቷል፣ ርካሽ ነው፣ ቻይ ነው። የዛሬዎቹ ግን ጋሊየም አርሰናይድ ይባላሉ። ሁለት ነገር ተዋህዶ ነው። ጋሊየም መዳፍ ላይ ሲይዙት የሚቀልጥ ብረት ነው። በሰው ሙቀት! አርሰኒክ ደግሞ መርዝ ነው። የሚቀልጥ ብረትና መርዝ አንድ ላይ ሲሆኑ ጠንካራ ክሪስታል ይወጣቸዋል። በዚያ ክሪስታል ውስጥ ኤሌክትሮኑ ከሲሊከን ይልቅ በጣም ይፈጥናል።

«ቢፈጥንስ ምን ይጠቅማል?» አልኳት።

አናት ስትጠየቅ ደስ ይላታል። ወረቀት ሳበች። ሳተላይቱ እዚያ ላይ ነው፣ እኛ እዚህ። የላከው ሞገድ እኛ ጋ ሲደርስ ከትንፋሽ ያነሰ ነው። የሞገዱ ንዝረት ደግሞ እጅግ ፈጣን ነው። ሲሊከኑ አይደርስበትም፤ የራሱ ጫጫታም ይውጠዋል። «ይሄ ግን ይደርስበታል። ራሱም ዝምተኛ ነው» አለች። ዝምተኛ! ስለ ዕቃ እንዲህ ሲባል ሰምቼ አላውቅም።

ከዚያ ኦዴድ ሐሳቡን ነገረን። ከሩሲያ የመጡት ከተማውን ሞልተውታል። ሁሉም የሞስኮን ቴሌቪዥን ማየት ይፈልጋል። ኬብሉ አዲስ መጤ ወደሚኖርባቸው ተጎታች ቤቶች፣ ወደ ካራቫኖቹና ወደ ገጠር መንደሮቹ ቶሎ አይደርስም። እስከ ዛሬ በሳተላይት ለማየት መኪና የሚያክል ዲሽ ያስፈልግ ነበር። በነዚህ ምስሮች የተሠራ ጭንቅላት፣ ሞገዱን ተቀብሎ የሚያጎላው ማለት ነው፣ ከተገጠመለት ግን ትንሽ ዲሽ ይበቃል። የዲሽ ጭንቅላት እንሠራለን! እኛ! እዚህ ትንሿ ከተማችን ቂርያት ጋት!

ጽፌም እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ምን ሆኛለሁ?

ረቡዕ፣ ማርች 18

ለአባቴ ነገርኳቸው። አላስቻለኝም። ሾርባው እስኪቀዘቅዝ ለፈለፍኩ።

«መርዝ ይዘሽ ነው የምትውዪው?» ብለው ደነገጡ።

«ታሽጓል። አይነካንም።»

ትንሽ አሰቡ። «ብረቱ መዳፍ ላይ ሲቀልጥ አይተሻል ወይስ ሰምተሽ ነው?»

«ሰምቼ።»

«እኔ ብረት ለማለስለስ ስንት ጆንያ ከሰል ፈጅቻለሁ!» አሉና ሳቁ።

ሳቁ! አባቴ ቀጥቃጭ ነበሩ። ማረሻ፣ ማጭድ፣ ቢላዋ የሚሠሩ። እዚህ ስለዚያ ሥራ የጠየቃቸው ሰው የለም። እኔም ጠይቄ አላውቅም…

እሑድ፣ ማርች 22

በማይክሮስኮፕ መበየድ ጀመርን!

ምስሯ በመስታወቱ ውስጥ ጠረጴዛ ታክላለች። የወርቅ እግሯ መንገድ ያክላል። የመበየጃው ጫፍ እንደ ዛፍ ግንድ እየተወዛወዘ ሲመጣ ደነገጥኩ። ለካ እጄ ይንቀጠቀጣል። ዕድሜዬን ሙሉ አላውቅም ነበር።

አናት ናይሎን ሹራቤን አስወለቀችኝ። ሹራብ ሲወልቅ ጠጠጥ የሚለው ኤሌክትሪክ፣ ያቺ ምንም የማትመስለው፣ ይሄን ትራንዚስተር ትገድለዋለች። «ሲሊከን ታጋሽ ነው። ይሄ ትዕግሥት የለውም» አለች። ስለዚህ የእጅ አንጓችን ላይ ማሰሪያ እናደርጋለን። ከማሰሪያው ሽቦ ወደ ጠረጴዛው፣ ከጠረጴዛው በግድግዳው በኩል ውጭ ወጥቶ መሬት ውስጥ ይገባል። ሰውነታችን ላይ የተጠራቀመው ሁሉ በዚያ ይወርዳል። መበየጃውም እንደዚያው ታስሯል።

እትዬ ታይቱ ተራቸው ሲደርስ አንድ ጊዜ ብቻ ዓይናቸውን ጨፍነው ገለጡና በየዱት። ምንም አልተንቀጠቀጡም። «ጎንደር ሸክላ ስሠራ ከዚህ የከፋ የጀበና አንገት ሠርቻለሁ» አሉ። አናት «ምን አለች?» ብላ ጠየቀችኝ። ስተረጉምላት አጨበጨበች።

ማታ ቤት ስገባ አባቴ ገና ጫማዬን ሳላወልቅ «ድንጋዩ እንዴት ዋለ?» አሉኝ። ድንጋይ ይሉታል። ተስማማኝ።

ሐሙስ፣ ማርች 26

አየን! አየን!

ኦዴድ የሆነ ቦታ ያረጀ ዲሽ አግኝቶ ሚፍዓሉ ጣሪያ ላይ አቆመው። ቴሌቪዥኑን ሁለት ሰው ተሸክሞ ወጣ። የሠራነው ጭንቅላት ዲሹ ፊት ተገጠመ። መጀመሪያ ሽሽሽ ብቻ። አናት ጣሪያው ላይ ተንበርክካ ዲሹን በጥፍር ያህል ታዞራለች። ሽሽሽ… ሽሽሽ… ከዚያ ጥላ መጣ። ጥላው ፊት ሆነ። ዜና የምታነብ ሴት! በሩሲያኛ! አንገቷ ላይ ያደረገችው ዶቃ ሳይቀር ታየ።

ኦዴድ ማንን አቅፎ እንደጮኸ አላውቅም፣ ምናልባት እኔን። እትዬ ታይቱ እልል አሉ። ከጎን ካለው ጋራዥ ሠራተኞች ወጥተው «ሠርግ ነው?» አሉን።

ቀጥሎ ነፋስ መጣ። ዲሹ ጣት ታህል ተነቃነቀ፣ ሴትዮዋ ጠፋች። እንደገና ፈለግናት፣ እንደገና ነፋስ። ማቆሚያው ቀጭን ቧንቧ ነው። ድንጋዩ አልበደለም፤ እግሩ ነው የበደለው።

ዓርብ፣ ማርች 27

«ድንጋዩ እንዴት ዋለ?»

ነገርኳቸው። ስለ ሴትዮዋ፣ ስለ ነፋሱ። አባቴ ማንኪያቸውን አስቀመጡ።

«ማቆሚያው ከምን ተሠራ?»

«ቧንቧ ነው። ቀጭን።»

«ስንት እግር አለው?»

«አንድ።»

«አንድ!» አሉ፣ እንደተሰደቡ። «ወስደሽ ታሳዪኛለሽ?»

እኔ ነኝ እንግዲህ ኦዴድን የምለምነው። ምን ይለኝ ይሆን?

ሰኞ፣ ኤፕሪል 6

ኦዴድ «ይምጣ» ነው ያለው። በቃ፣ ይሄው።

አባቴ ጋራዡ ውስጥ ቁርጥራጭ ብረት ለቅመው፣ የብየዳ መሣሪያውን አንድ ቀን ቆመው አይተው፣ በማግስቱ ራሳቸው ያዙት። ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ። ወገቡ ላይ ሁለት ብሎን፣ አንዱ ወደ ላይና ወደ ታች፣ አንዱ ወደ ጎን። ከጠበቀ አይንቀሳቀስም። ኦዴድ ወጥቶ ተንጠለጠለበት። ወፍራም ሰው ነው ኦዴድ። ዜና አንባቢዋ ከቦታዋ ንቅንቅ አላለችም።

ዛሬ ከአሽዶድ ነጋዴ መጥቶ አየ። ብዙ አዘዘ፤ ለሻቩዖት በዓል፣ ለጁን መጀመሪያ፣ ይድረስ አለ። ጥሩ ከሆነ ለመላው ደቡብ ይወስዳል። ካልሆነ ሌላ ቦታ ይሄዳል። ኦዴድ ያለ የሌለውን አውጥቶ ምስሮቹን ከጃፓን አዘዘ። እትዬ ታይቱ ከእንግዲህ ብየዳ ላይ ናቸው። እኔ አናት ጎን ሆኜ መፈተሽ እማራለሁ።

አባቴ ሲመለሱ አውቶቡስ ውስጥ እጃቸውን እያገላበጡ ያዩት ነበር። ጥቁር ሆኗል፣ ተቃጥሏል። አልታጠቡም።

ሐሙስ፣ ኤፕሪል 16

ነገ ማታ ፋሲካ ይገባል። ሚፍዓሉ ተዘጋ። ማይክሮስኮፑ ናፈቀኝ ብል ማን ያምነኛል?

ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 28

ሐምሲን። ከምሥራቅ የሚመጣው ደረቅ ነፋስ ነው፤ አቧራ፣ ሙቀት፣ ከንፈር የሚሰነጥቅ።

ከበዓል መልስ የሠራነው ሁሉ ሞተ።

አናት አንዱን መፈተሻው ላይ ሰካች። ዝም። ሌላውን። ዝም። አንዱ ብቻ ቀርቶ ነበር፤ እሱም እንደ ታማሚ ያቃስታል። ዝምተኛ ነው ያለችው ለዚህ ኖሯል? (ቀልዴ አላሳቀኝም።)

ሐምሲኑ ይሆናል አለች፤ አየር ሲደርቅ ያ ኤሌክትሪክ ይበዛል። ወለሉ ላይ ውሃ ረጨን። ሁላችንም ጥጥ ለበስን። ከሰዓት በኋላ ጥቂት ሠራን። ሞቱ።

ኦዴድ አልጮኸም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር።

ረቡዕ፣ ኤፕሪል 29

ኦዴድ ጠዋት መጥቶ እትዬ ታይቱ ፊት ቆመ፣ የሚያናግረው ግን እኔን ነው።

«ከበዓል ወዲህ የምትበይደው እሷ ናት። ማሰሪያውን በትክክል አታስርም ይሆናል። እነዚህ ሰዎች ከእንዲህ ያለ ነገር ጋር አላደጉም። ወደ ክዳን ትመለስ፤ ንገሪያት።»

እነዚህ ሰዎች። እኔስ ከየት ነኝ?

«አልተረጉምም» አልኩት።

እንዲህ ብዬው አላውቅም። አናት ቀና አለች።

እትዬ ታይቱ ግን ማሰሪያውን ከአንጓቸው ፈቱት። «ተይው ልጄ። ፊቱን አይቼዋለሁ» አሉ። ሽርጣቸውን አጣጥፈው ወንበሩ ላይ አስቀመጡና ወጡ። እኔ ደግሞ… ተቀመጥኩ። ለምን ተከትያቸው አልወጣሁም? አላውቅም። እጄ መፈተሻውን እንደያዘ ቀረ።

ማታ፦ «ድንጋዩ እንዴት ዋለ?»

«ሞተ» አልኩና ሁሉንም ነገርኳቸው።

አባቴ ሳህናቸውን ገፋ አደረጉ። ከዚያ፦ «እኛ አገር ማረሻ ሲሰበር ቀጥቃጩ ዓይኑን ጥሎበት ነው ይሉን ነበር። ቡዳ ነው ይላሉ። ስንቱ ተደብድቧል። ብረቱን ግን አንስቶ ያየ ሰው የለም።»

ቀና ብለው አዩኝ።

«ብረቱን እዩት። ሴትዮዋን ተዉአት፣ ብረቱን እዩት።»

እሑድ፣ ሜይ 3

እጄ አሁንም አቧራ ነው። ተገኘ!

ጠዋት አናትን «እስቲ እኔ ልበይድ» አልኳት። «እያየሽኝ። ማሰሪያውን አንቺው እሰሪልኝ።» አሰረችልኝ። ትንፋሼን ይዤ በየድኩ። ፈተሽነው። ሞቷል። ሌላ። ሞቷል። ደስ አለኝ! በሞተ ዕቃ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም። እትዬ ታይቱ አይደሉማ!

አናት የምትቆጣው ቀስ ብላ ነው፤ ዛሬ ግን ጉንጯ ቀላ። መለኪያውን አመጣች። አንዱን ጫፍ የመበየጃው አፍንጫ ላይ፣ ሌላውን የውሃ ቧንቧው ላይ አደረገች። መርፌው ዘለለ።

«ሊሆን አይችልም» አለች። ደገመችው። እንደገና ዘለለ።

ወደ መሬት መውረድ የነበረበት ኤሌክትሪክ አልወረደም። መበየጃው ላይ፣ ጠረጴዛው ላይ፣ ማሰሪያችን ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል ማለት ነው። እኛን አያመንም፤ ትንሽ ነው። ምስሯን ግን ገና ስንነካት ይገድላታል። አናት ሽቦውን ተከተለች፤ ከጠረጴዛው ሥር፣ በግድግዳው፣ በቀዳዳው ወደ ውጭ። ሮጬ ተከተልኳት። ከአዳራሹ ኋላ ግድግዳውን ይዞ የሚሄድ አዲስ የአስፋልት መስመር አለ። ለበዓል ስንዘጋ ያልነበረ። ሽቦው በግድግዳው ይወርድና አስፋልቱ ውስጥ ይገባል። አናት ጎትታ አየችው።

እጇ ላይ መጣ። ተቆርጧል።

«ኬብሉ!» አለች። «ቆፋሪዎቹ!» ሽቦውን እንደ ያዘች እዚያው አቧራው ላይ ተቀምጣ ሳቀች፣ ሳቀች፣ ዕንባዋ እስኪመጣ። እኔም ሳቅሁ። ገበያችንን መውሰዱ አንሶት መሬታችንንም ቆረጠው እኮ!

ሲሊከን ቢሆን ኖሮ እንዳልሆነ ሆኖ ያልፈው ነበር። በዚያው ሳምንት የሠራናቸው የአንቴና ማጉያዎች ሁሉም ደህና ናቸው። ይሄ ግን አይችልም። ጥሩ ነገር ነው ግን ሁሉም ነገር ልክ ካልሆነለት ይሞታል።

ኦዴድን ጠራነው። የተቆረጠውን አየ፣ እኛን አየ፣ እንደገና የተቆረጠውን አየ። «ኦይ» ብቻ አለ።

ሰኞ፣ ሜይ 4

ኤሌክትሪክ ሠራተኛ መጥቶ አዲስ የመዳብ ዘንግ መሬት ውስጥ ቀበረ። መርፌው አሁን አይንቀሳቀስም።

ከሰዓት በኋላ ኦዴድ «ከኔ ጋር ነይ» አለኝ። እትዬ ታይቱ ቤት ሄድን። ልጆቹ ሶፋውን ለቀቁለት፤ ጫፉ ላይ ተቀመጠ፣ ያ ግዙፍ ሰውዬ፣ ጉልበቱን ይዞ።

«ስሊሐ» አለ፤ ይቅርታ ማለቱ ነው።

ይቺን ቃል እትዬ ታይቱ ያውቋታል።

«ጥፋቱ የሽቦው ነበር። የእኔም ነው። ሳላይ ፈረድኩ። ከሁላችን የተሻለ እጅ ያለሽ አንቺ ነሽ።»

ሁሉንም ተረጎምኩ። አንድ ቃል አላስቀረሁም፣ አንድም አልጨመርኩም።

እትዬ ታይቱ ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ንገሪው» አሉኝ። «ከእንግዲህ ለኔ የሚለው ነገር ሲኖር ለኔ ይበለኝ። በሰው አይላክብኝ። ቀስ ብሎ ከተናገረ እሰማለሁ።»

ነገርኩት። ኦዴድ ፊታቸውን እያየ፣ ቀስ ብሎ፣ በአጭር በአጭሩ «ነገ። ትመጪያለሽ?» አላቸው።

«ኬን» አሉ በዕብራይስጥ። አዎ ማለት ነው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው በአማርኛ «ሽቦውን ግን መጀመሪያ ራሴ አየዋለሁ» አሉ።

ማክሰኞ፣ ሜይ 12

አንድም አልሞተም! አንድም! አናት በየተራ ሰካች፤ ሁሉም ተናገሩ። ከአሽዶድ የመጣው ሰውዬ አንዱን ራሱ መርጦ አስፈተሸ፣ «ስጡኝ» አለ።

አንዱ ግን አሽዶድ አልሄደም። የመጀመሪያውን ዲሽ የገዛችው ከኛ በላይ ባለው ፎቅ የምትኖረው ራይሳ ናት። ሩሲያ ሳለች አስተማሪ ነበረች፣ አሁን ደረጃ ትጠርጋለች። ከአባቴ ጋር ኡልፓን፣ ለአዲስ መጤ ዕብራይስጥ በሚያስተምሩበት፣ አንድ ክፍል ይማራሉ። በሁለቱ ዕብራይስጥ ተሰብስቦ አንድ ዓረፍተ ነገር አይሞላም፣ ግን ይሳሳቃሉ።

አባቴ ጣሪያ ላይ ዲሹን ይዘው፣ እኔ ራይሳ ሳሎን መስኮቱ ላይ ሆኜ። ቴሌቪዥኑን አያለሁ፣ ወደ ላይ እጮሃለሁ።

«ወደ ግራ! ትንሽ! ኧረ ትንሽ!»

ሽሽሽ።

«አይ፣ አለፈ! መልሰው! መልሰው አባዬ! ቀስ! ያዘው! ያዘው እንዳትለቀው!»

መጣ። ካርታ፣ ደመና፣ ቁጥር። የአየር ሁኔታ! ራይሳ አፏን ይዛ ቆመች። ዕንባዋ ወረደ። የከተሞቹን ስም አብራ ትላለች፣ ከምታነበው ሴት እኩል፣ አንዳንዴም ቀድማ። ስለ ዝናብና ስለ ብርድ ሰው እንዲህ ያለቅሳል?

ያን ጊዜ ነው ትዝ ያለኝ። ምን ነበር ያልኩት? መልሰው። ያዘው። አባቴን «አንተ» አልኳቸው። በሕይወቴ… ኧረ በልጅነቴ ምን ነበር የምላቸው? ረስቼዋለሁ።

ሲወርዱ ደረጃው ላይ ጠበቅኋቸው። «ይቅርታ፣ አላወቅሁም፣ ስጮህ…»

«ምን አልሽኝ?»

«…ያዘው አልኩ።»

«እንዲያ በዪኝ» አለ። «አንቱ ስትዪኝ ከቢሮ የተላክሁ ሰው የሆንኩ ይመስለኛል። ለብቻዬ ሳስበው፣ መቼ ነው ይቺ ልጅ ወረቀት ፈርሙ የምትለኝ እላለሁ።»

ደረጃው ላይ ተቀምጠን ሳቅን። ጎረቤት በሩን ከፍቶ አየን።

አባዬ። ስሙ ይሄው ነው።

ዓርብ፣ ጁን 26

ብዙ ጊዜ አልጻፍኩም። ሥራው፣ ሙቀቱ… ደግሞም ቀድሞ እዚህ የማወራውን አሁን እራት ላይ አወራዋለሁ።

እትዬ ታይቱ ዛሬ ሁለት አዳዲስ ሠራተኛ ልጆች ተሰጥተዋቸው ብየዳ ያስተምራሉ። አንዷ ከሩሲያ ናት፣ አንዷ ከሞሮኮ ቤተሰብ። በምን ቋንቋ እንደሚያስተምሯቸው እግዜር ይወቅ። ልጆቹ ግን ይሰሟቸዋል። ኦዴድ እትዬ ታይቱን ሲያናግር ቀስ ይላል። አሁን አሁን እኛንም ቀስ ብሎ ነው የሚያናግረን፣ ለመደበት።

ለማታው ኮርስ ተመዘገብኩ። አናት ከአሁኑ ታስጨንቀኛለች። ትራንዚስተር መጀመሪያ ሲሠራ ሲሊከን አልነበረም አለችኝ፣ ጀርማኒየም ነበር። ሲሊከን መጥቶ ጣለው። አሁን ጋሊየም አርሰናይድ ሲሊከንን ከሰማይ ሥራ አባረረው። ነገ ሌላ ይመጣል፣ በየላቦራቶሪው እየሞከሩ ነው። «ማን ያሸንፋል?» አልኳት። «ማንም። ሁሉም የየራሱ ሥራ አለው» አለች። ይሄን ስትል ደስ አለኝ፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም።

አባዬ አሁን የኦዴድ ሠራተኛ ነው። ማቆሚያ ይሠራል፣ የሩሲያዎቹ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ይተክላል። ጠዋት አብረን አውቶቡስ እንጠብቃለን።

ዛሬ ዓርብ ስለሆነ ቀደም ብዬ ገባሁ። አባዬ ቤት የለም። ከላይ ግም ግም የሚል ሰማሁና ወጣሁ። አባዬ ከራይሳ ዲሽ አጠገብ ሌላ ማቆሚያ እየተከለ ነው። ማቆሚያ ብቻ፣ ዲሽ የሌለው።

«ለማን ነው?»

«ለኛ።»

«አባዬ፣ በአማርኛ እኮ ማንም አይልክም። አናትን ጠይቄያት ነበር። ሰማዩ ላይ የኛ የሚባል ገና የለም።»

«አውቃለሁ፣ ነግረሽኛል» አለ። ቀና አላለም። ላቡን በክንዱ ጠረገ። «ድንጋዩ አለ?»

«አለ።»

«የሚሰማ ነገር ካለ፣ የሚናገር ሰው አይጠፋም። ያኔ ዲሹን ብቻ ነው የምናመጣው። ነይ፣ ያቺን ብሎን ያዢልኝ።»

ፀሐይዋ ልትጠልቅ ነው፣ ሰንበት ሊገባ። ተንበርክኬ ያዝኩለት። አጠበቀው።